ሃያ ስምንቱ የማይታዩ ምልክቶች

በዓይን ሆስፒታሉ ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቁ ሰዎች ከአንድ እጅ ጣት አይበልጡም። ለሌላው ሁሉ፣ ከዘበኛው ጀምሮ እስከ ቀዶ ሐኪሙ ድረስ፣ እትዬ ታይፕ ናት። ወደዚህ ግቢ በሃያ ሁለት ዓመቷ ስትገባ አሥራ ሁለት የጽሕፈት መኪና በአንድ ጊዜ በሚንጫጫበት ክፍል ውስጥ አስቀመጧት፤ ያኔ አሥራ ሁለቱም ጸሐፊዎች ታይፕ ይባሉ ነበር። ሌሎቹ ግማሾቹ አግብተው፣ ግማሾቹ ተዛውረው፣ የቀሩትም ጡረታ ወጥተው ሲሄዱ ስሙ ሙሉ በሙሉ ለእሷ ቀረ።

የጽሕፈት መኪናዎቹ ተነስተው ኮምፒውተር የገባ ጊዜ አለቆቿ፣ “ወይ ተማሪ፣ ወይ ንብረት ክፍል ገብተሽ ትራስና አንሶላ ተረከቢ” አሏት። ተማሪ አሏት እንጂ የሚያስተምራት ሰው አልሰጧትም። ደግነቱ አንድ ቀን ሊቃጠል ከተከመረ ወረቀት መካከል ሽፋን የሌለው፣ እንደ ጡብ የወፈረ የኮምፒውተር መጽሐፍ አገኘች። በየማለዳው ከቤተሰቡ ቀድማ እየተነሳች ጸሎቷን ታደርሳለች፤ ከዚያ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አጠገቧ አድርጋ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ታነባለች። እንዲህ እያለች ሦስት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ዘለቀችው። ከዳር እስከ ዳር ሲባል ግን ከገጽ አሥራ ሰባት ጀምሮ ነው። የመጀመሪያዎቹ አሥራ ስድስት ገጾች ተገንጥለው የት እንደገቡ ፈጣሪ ይወቀው። ከዚያ ወዲህ ያልገባት ነገር ባጋጠማት ቁጥር፣ “ይሄ እንግዲህ ያለው በአሥራ ስድስቱ ውስጥ ነው” ትላለች። ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ እነዚያ አሥራ ስድስት ገጾች በሐሳቧ እየወፈሩ ከመጽሐፉ በለጡ።

ቢሆንም ተማረች። ለዚህም እስከ ዛሬ በጸሎቷ መጨረሻ ላይ መጽሐፉን ለጣለው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ምሕረት ትለምንለታለች።

አሁን ሰርቨሩን የምትጠብቀው እሷ ናት። ሰርቨሩ ከደረጃው ሥር ባለች፣ ቀድሞ መጥረጊያና ባልዲ በሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሌት ተቀን የሚጮህ ሣጥን ነው። በሽተኞች በስልካቸው ቀጠሮ የሚይዙበት የሆስፒታሉ ገጽ የሚኖረው እዚያ ውስጥ ነው። ገጹ የደህንነት ሰርተፊኬት አለው። ሰርተፊኬቱ እንደ መታወቂያ ያለ ነገር ነው፤ የበሽተኛው ስልክ ገጹን ሲከፍት፣ “አንተ በእርግጥ ሆስፒታሉ ነህ?” ብሎ ይጠይቃል፣ ገጹም ሰርተፊኬቱን ያሳያል። ሰርተፊኬቱ በየዓመቱ ይታደሳል። ቀኑ ካለፈበት ስልኩ በቀይ ጽሑፍ ያስጠነቅቃል፤ ዓይኑ የታመመ ሰውም ቀይ ጽሑፍ ሲያይ ይደነግጣል።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። የስፌት መኪናውን በቤታቸው ፊት ለፊት ክፍል ተክሎ የሚሠራ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው። ሚስቱ በየዓመቱ ሰርተፊኬት እንደምታወጣ ለደንበኞቹ ሁሉ ይናገራል። “አሥራ አንድ አላት እኮ! አሥራ ሁለተኛውን በዚህ ወር ትወስዳለች” ይላል ልኬት እየወሰደ። የትምህርት ሰርተፊኬት አለመሆኑን አንድ ጊዜ ተቀምጣ ልታስረዳው ሞክራ ነበር። በትዕግሥት ሰምቷት ሲያበቃ፣ “ያው ነው” አላት።

ሰርተፊኬቱን ከፋይሉ አንስቶ ሰርቨሩ ላይ የሚያስቀምጠውን ስክሪፕት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ አንድ በአንድ የሚፈጽመውን የትእዛዝ ዝርዝር፣ የጻፈችው ራሷ ናት። ስክሪፕቱ የሚመልሳቸውን መልእክቶችም ለራሷ በራሷ አነጋገር ነው የጻፈቻቸው። ሁሉ ነገር ሲሳካ፣ “ተቀምጧል። እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን ሻይሽን ጠጪ” ይላል። አንድ ጊዜ መነጽሯን ሳታደርግ የተሳሳተ ፋይል ስለሰጠችው ደግሞ ለዚያ የሚሆን ሌላ መልእክት ጨመረችበት።

የዘንድሮው ጣጣ የጀመረው በአንድ ደብዳቤ ነው። ዳይሬክተሯ አዲስ ናት፤ ወጣት፣ ጎበዝ የዓይን ቀዶ ሐኪም፣ ሥርዓት የምትወድ። በገባች በወሩ፣ ወደ ሆስፒታሉ የሚላክ ማንኛውም ሰነድ፣ ኢሜይልም ቢሆን፣ መጀመሪያ በመዝገብ ቤት ተከፍቶ፣ የገቢ ቁጥር ተሰጥቶት ለሚመለከተው እንዲደርስ ስትል አዘዘች። እስከ አምና ሰርተፊኬቱ በቀጥታ ለእትዬ ታይፕ ነበር የሚመጣው።

ሁለተኛውን ነገር ዶክተሯ የነገረቻት ግን በደብዳቤ ሳይሆን ቢሮዋ አስጠርታ ነው።

“እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ሥራውን በኮንትራት እንውሰድ የሚል ኩባንያ አለ። እስከ አሁን እምቢ ያልኩት ስለ እርስዎ ነው። ግን ይህ ገጽ ለአንድ ሰዓት እንኳ ከተዘጋ፣ ማመካኛ የለኝም። ሥራውን ለእነሱ፣ እርስዎን ለንብረት ክፍል።”

እትዬ ታይፕ ከቢሮው ስትወጣ ከሃያ ዓመት በፊት ያመለጠቻቸው ትራሶች በኮሪደሩ ተሰልፈው የሚጠብቋት መሰላት።

አሮጌው ሰርተፊኬት የሚያበቃው ሐሙስ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነበር። አዲሱ ሰኞ ዕለት ለመዝገብ ቤት በኢሜይል ደረሰ። ለእሷ የደረሰው ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ በፍላሽ ተገልብጦ፣ ፍላሹ ፖስታ ውስጥ ገብቶ፣ ፖስታው ታሽጎ፣ እሽጉ ላይ ማኅተም ተረግጦበት ነው። በርክክብ መዝገቡ ላይ ፈርማ ተቀበለች። “አራት ቀን ሙሉ!” እያለች ፍላሹን ሰካችና ስክሪፕቱን አስነሳች።

ስክሪፕቱ መለሰላት፦ “ፋይሉ ውስጥ ሰርተፊኬት የለም። መነጽርሽን አድርጊ።”

መነጽሯን አድርጋለች። ቢሆንም አውልቃ ጠረገችና መልሳ አደረገችው። ፋይሉን ከፈተች። ሰርተፊኬቱ ቁጭ ብሏል፦ ከላይ ሰርተፊኬት ይጀምራል የሚለው በሰረዝ የታጠረ መስመር፣ ከሥሩ የማይነበቡ ፊደሎችና ቁጥሮች መደዳውን፣ ከታች ደግሞ ያበቃል የሚለው መስመር። ቁርጥ የአምናውን ይመስላል። ደግማ አስነሳችው።

“ፋይሉ ውስጥ ሰርተፊኬት የለም። መነጽርሽን አድርጊ።”

“አድርጌያለሁ!” ብላ ጮኸች። ከደረጃው እየወረደች የነበረች ነርስ ጎንበስ ብላ አየቻት። እትዬ ታይፕ አፈረች፤ ይልቁንም ይህን የመሰለ ስድብ በራሷ ላይ የጻፈችው ራሷ መሆኗ አናደዳት።

ፍላሹን ነቅላ ሰካችው። ሰርቨሩን አጥፍታ አበራችው። የአምናውን ፋይል ለሙከራ ብትሰጠው ስክሪፕቱ ምንም አላጉረመረመም፤ እንግዲያው በሽታው ያለው በፋይሉ ላይ ነው። መስመሮቹን በጣቷ እየተከተለች ቆጠረቻቸው፣ ሃያ ስምንት። የፋይሉን መጠን አየች፣ አንድ ሺህ ሰባት መቶ አርባ ስምንት ፊደል። ሌላ ምን እንደምታደርግ ስላላወቀች ቁጥሩን መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችው። ሰዓቱ አራት ተኩል ሆነ። “ይሄማ ያለው በአሥራ ስድስቱ ውስጥ ነው” አለች፤ ዛሬ ግን ብላ ማለፍ አልቻለችም።

ስልኳ ጮኸ። ባሏ ነው።

“እህሳ፣ ወሰድሽ?”

“ምኑን?”

“ሰርተፊኬቱን ነዋ! እዚህ አንድ ሱሪ የሚያሳጥሩ ሰውዬ ይጠብቃሉ። ዛሬ ነው ብያቸው ነበር።”

“ሰውየውን ሱሪያቸውን ይዘው ይሂዱ በላቸው!” ብላ ዘጋችው። ወዲያው ጸጸታት። ዓይኗን ጨፍና፣ “አምላኬ ሆይ፣ ዘንድሮንም አሳልፈኝ፤ እኔ ከትራስ ጋር አልግባባም” አለችና ተነሥታ ወደ መዝገብ ቤት ሄደች።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ማኅተም ይባላሉ። ማኅተም ያልረገጡበት ነገር በሆስፒታሉ ቢኖር ግቢው ውስጥ የምትዞረው ድመት ብቻ ናት፤ እሷም ብትሆን ስለማትያዝ ነው። ክፍላቸው እስከ ጣሪያ በፋይል የተሞላ ሲሆን፣ በመስኮቱ ሥር አንድ አሮጌ የጽሕፈት መኪና ተቀምጧል። አሥራ አንዱ ሲወገዱ ይህ የቀረው፣ የተሰበረ ዕቃ ሳይጠገን ከንብረት መዝገብ አይሰረዝም ብለው ስለተሟገቱ ነው። ጠጋኝ ስላልተገኘ እስከ ዛሬ አለ።

“ጋሼ፣ የሰጡኝ ፋይል አልሠራ አለኝ” አለች እትዬ ታይፕ።

“ፈርመሽ ተቀብለሻል።”

“መፈረሜን መች ካድኩ? ነክተውታል ወይ ነው የምለው።”

“እኔ?” ጋሽ ማኅተም ከወንበራቸው ከፍ አሉ። “ሠላሳ አራት ዓመት ስሠራ በሰው ደብዳቤ ላይ አንዲት ጭረት ጨምሬ አላውቅም!” ተመልሰው ተቀመጡ። “አስተካክዬዋለሁ እንጂ” አሉ።

“ምን አደረጉት?”

“አስተካከልኩት። ስከፍተው እኮ መስመሩ ሁሉ አንድ ላይ ተጣብቆ፣ ጭራና ራሱ የማይለይ እባብ መስሎ ነው የመጣው። ለሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይሰጣል? በሌላኛው መጻፊያ ብከፍተው መስመር መስመሩን ያዘ፣ አማረ፣ እንዳማረ አስቀመጥኩልሽ። አንቺ ደግሞ በማመስገን ፈንታ ትቆጪኛለሽ።”

“ሌላ የነኩት የለም?”

“የገቢ ቁጥሩን ከላይ ልጽፍበት ነበር፣ ሰረዞቹ ቦታ ከለከሉኝ፣ ተውኩት። አንድ ቅጂ ግን አትሜ ማኅተም አድርጌ ፋይል አስገብቻለሁ።” ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ከተናገርን አይቀር፣ አጻጻፉን አልወደድኩትም። ሃያ ስምንት መስመር ሙሉ አንዲት ሰላምታ እንኳ የለችውም።”

“ጋሼ፣ ኢሜይሉ እርስዎ ጋ አለ አይደል? ፋይሉን እንደመጣ ይስጡኝ፣ እግርዎ ላይ እወድቃለሁ።”

“አንድ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ገቢ አይሆንም። ተጨማሪ ቅጂ ከፈለግሽ ዳይሬክተሯ ይፈርሙልሽ።”

“ዶክተሯ ቀዶ ሕክምና ላይ ናቸው፣ ከስድስት ተኩል በፊት አይወጡም።”

“እንግዲያው በስድስት ተኩል ነያ።”

“በስድስት ሰዓት ገጹ ይዘጋል፣ እኔም ንብረት ክፍል እገባለሁ!”

ጋሽ ማኅተም ማኅተማቸውን ከሣጥኑ አውጥተው መልሰው አስገቡ። ሲጨነቁ እንዲህ ያደርጋሉ። “እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም” አሉ በመጨረሻ። “ግን ደንብ ከጣስኩ ነገ ማን ያምነኛል? ማየት አይከለከልም። ነይ እዪ፣ እጅሽን ግን ወደ ኋላ አድርጊ።”

እጇን ወደ ኋላ አድርጋ እንደ ተማሪ አጎነበሰች። ኢሜይሉ ላይ የተያያዘው ፋይል መጠን፣ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ሃያ። መዳፏን ገልጣ አየች፣ አንድ ሺህ ሰባት መቶ አርባ ስምንት።

ልዩነቱ ሃያ ስምንት ነው። መስመሩም ሃያ ስምንት።

“ጋሼ፣ በየመስመሩ አንድ አንድ ነገር ጨምረዋል።”

“አልጨመርኩም ብያለሁ! እንዲያውም ለኋላ ክርክር እንዳይሆን ጥያቄሽና መልሴ በጽሑፍ ይሁን” ብለው ተነሡና በመስኮቱ ሥር ወዳለው የጽሕፈት መኪና ሄዱ። ወረቀት አስገቡ። በሁለት ጣት መምታት ጀመሩ። የመስመሩ መጨረሻ ላይ ሲደርሱ ደወሉ ቀጭ አለ። ጋሽ ማኅተም ወረቀቱን የተሸከመውን ክፍል በመዳፋቸው ገፍተው ወደ መጀመሪያው መለሱት። ከዚያ በሌላው እጃቸው ወረቀቱ የተጠቀለለበትን ጎማ አዙረው አንድ መስመር አወረዱት። መቱ። ቀጭ። ገፍተው መለሱ። አዙረው አወረዱ።

እትዬ ታይፕ ባለችበት ደርቃ ቀረች።

መኪናው የእሷ ነበር። በሌሎቹ መኪናዎች ላይ በግራ በኩል ያለችውን እጀታ አንድ ጊዜ ስትመታት መመለሱንም ማውረዱንም በአንድ ላይ ትጨርሰዋለች። የእሷዋ እጀታ በሁለተኛ ዓመቷ ተሰበረች። ከዚያ ወዲያ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ሁለት ሥራ ትሠራ ነበር፦ መመለስና ማውረድ። ጓደኞቿ አንድ የሚመስላቸው ነገር ሁለት መሆኑን እጇ ያውቀዋል። የትከሻዋ ሕመም እስከ ዛሬ ያውቀዋል።

ኮምፒውተሮችም እንዲሁ ናቸው! በወፍራሙ መጽሐፍ መካከል አንድ ቦታ፣ ሦስት ጊዜ አንብባ ሦስት ጊዜ ያለፈችው አንድ መስመር ነበር። አንዳንዱ ኮምፒውተር መስመር ሲያበቃ “ውረድ” የሚል አንድ የማይታይ ምልክት ብቻ ያስቀምጣል። ሌላው ግን እንደ ጽሕፈት መኪናው “ተመለስ፣ ውረድ” ብሎ ሁለት ያስቀምጣል። የእሷ ሰርቨር የሚያውቀው “ውረድ”ን ብቻ ነው። የጋሽ ማኅተም ኮምፒውተር መስመሩን ሲያስተካክል ለሃያ ስምንቱም “ተመለስ”ን ጨመረላቸው። ለዓይን አይታይም። ስክሪፕቱ ግን የመጀመሪያውን መስመር ፊደል በፊደል ነው የሚያመሳክረው፤ ጭራው ላይ የተንጠለጠለች አንዲት ትርፍ ምልክት ሲያገኝ፣ ይህ እኔ የማውቀው መስመር አይደለም ብሎ ያልፈዋል። መነጽር ቢደረግ ባይደረግ ለውጥ የለውም።

“ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎ!” ብላ የጋሽ ማኅተምን ራስ ስማ በሩጫ ወጣች።

“ገና አልጨረስኩም! ሦስት ቅጂ ነው!” ሲሉ ከኋላዋ ሰማች።

ሥራው ራሱ አንድ መስመር ትእዛዝ ነበር፦ በየመስመሩ መጨረሻ “ተመለስ” የሚለውን ምልክት ካገኘህ አውጣ። ስትሮጥ አይታ የተከተለቻት ያቺው ነርስ በሩ ላይ ቆማ እያየቻት ስትጽፈው ሁለት ጊዜ ተሳሳተች። የፋይሉን መጠን አየች። አንድ ሺህ ሰባት መቶ ሃያ። ለስድስት ሰዓት አሥራ አራት ደቂቃ ሲቀረው ስክሪፕቱን አስነሳች።

“ተቀምጧል። እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን ሻይሽን ጠጪ።”

ሻዩን አልጠጣችም። ባልዲ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ከዚያ እያለቀሰች መሆኗን ስታውቅ ሳቀች። ስልኳን አውጥታ ገጹን ከፈተች። ቀይ ጽሑፍ የለም። ስድስት ሰዓት አለፈ፣ አሁንም የለም።

በስድስት ተኩል ዶክተሯ የቀዶ ሕክምና ቆቧን ሳታወልቅ መጣች። አንገቷን ከደረጃው ሥር አስግጋ፣ “እትዬ፣ ደህና ነን?” አለች።

“ደህና ነን ዶክተር።”

“ምንም ችግር አልነበረም?”

እትዬ ታይፕ አፏን ከፈተች። ጋሽ ማኅተም ፋይሉን ነክተውት ነው ማለት ትችላለች፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሽማግሌው ጡረታቸው ሁለት ዓመት ቀርቶታል፤ ደግሞ ያጠፉት አስተካከልኩላት ብለው ነው። “ትንሽ የመስመር ነገር ነበረች” አለች። “ተስተካክላለች።”

ነገሩ በዚህ ባበቃ ነበር፤ ግን ጋሽ ማኅተም ራሳቸው መዝገባቸውን ታቅፈው ከኮሪደሩ ብቅ አሉ።

“ዶክተር፣ ጥሩ ጊዜ ነው የተገናኘነው። ይህች ሴት በቁጥር ገቢ ከሆነ ሰነድ ላይ ነገር አውጥታለች። ስታወጣ ነርሷ በሩ ላይ ሆና አይታለች።”

“ምን አወጡ?” ዶክተሯ ወደ እትዬ ታይፕ ዞረች።

“ሃያ ስምንት ምልክት” አለች እትዬ ታይፕ በቀስታ። “የማይታዩ ናቸው።”

“የማይታዩ ይሁኑ እንጂ ገብተዋል!” አሉ ጋሽ ማኅተም። “እኔ ነኝ ያስገባኋቸው፤ ፋይሉን ሳስተካክል ገብተዋል አለች፣ የሁለቱን ፋይል መጠን አመሳክሬ አመንኩ። ስህተቱ የእኔ ነው፣ አልሸሽም። ግን በገቢ የገባ ነገር ያለ ወጪ ቁጥር አይወጣም። የት ነው ያሉት አሁን?”

“የትም የሉም ጋሼ። ጠፍተዋል።”

“ጠፍተዋል አይባልም። ወጥተዋል ይባላል።”

ዶክተሯ ሁለቱንም አፈራርቃ አየች። ከዚያ ነገሩን ከመጀመሪያው እንዲነግሯት ጠየቀች፣ እየተቀባበሉ ነገሯት። ኢሜይል ሁሉ በመዝገብ ቤት ይለፍ ያለችው ራሷ እንደሆነች ስትደርስበት ቆቧን አውልቃ ፊቷን ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይተው ደነገጡ፤ ሳቅ ነበር።

“ለኩባንያው ሰዎች ለዘጠኝ ሰዓት ቀጠሮ ሰጥቻቸው ነበር” አለች እንባዋን እየጠረገች። “አትምጡ እላቸዋለሁ። የተሰበረ የጽሕፈት መኪና የሚያውቅ ሰው ከየት ያመጡልኛል? ሰርተፊኬቱም ከእንግዲህ በቀጥታ ለእትዬ ይምጣ።”

“ይህ በደብዳቤ ይሁንልኝ” አሉ ጋሽ ማኅተም።

እትዬ ታይፕ ግን ሰው ነው፣ ይረሳል፣ ደንብም ይለወጣል ብላ፣ ያችን አንድ መስመር ትእዛዝ ስክሪፕቱ ውስጥ ለዘለቄታው አስገባቻት። ከሥሯም እንዲህ የሚል አዲስ መልእክት ጻፈች፦ “ጋሼ አስተካክለውት ኖሯል። አትቆጪ፣ ወጥቷል።”

ማታ ቤቷ ስትገባ ባሏ መቀሱን አስቀምጦ ተነሣ። ሱሪ የሚያሳጥሩት ሰውዬም አልሄዱም፤ ወሬውን ሳይሰሙ አልሄድ ብለው ተቀምጠዋል።

“እህሳ?”

ቦርሳዋን ከፍታ ጋሽ ማኅተም በሦስት ቅጂ መትተው የሰጧትን ወረቀት አወጣች። ባሏ ተቀብሎ በመብራቱ ሥር ዘረጋው። ከላይ የወጪ ቁጥር አለው። መሐል ላይ፣ “ብዛታቸው ሃያ ስምንት የሆኑ የማይታዩ ምልክቶች በዛሬው ዕለት ከሆስፒታሉ በሰላም ወጪ ሆነዋል” ይላል። ከሥሩ የጋሽ ማኅተም ፊርማ፣ ከፊርማው ላይ ክብ ማኅተም፣ ወፍራምና ሰማያዊ።

ባሏ ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ማኅተሙን በጣቱ ዳሰሰው።

“አሥራ አንድ ዓመት ስትወስጂ አንዱንም አሳይተሽኝ አታውቂም” አለ። ልብስ በሚለካበት መስተዋት አጠገብ ምስማር ፈለገና ሰቀለው። ሰውየው ተነሥተው መነጽራቸውን አደረጉ፣ እስከ መጨረሻው አነበቡ፣ ዞረውም እጇን ጨበጧት።

“እንኳን ደስ ያለሽ ልጄ” አሏት።

“አሜን፣ አባባ” አለች እትዬ ታይፕ። ሌላ የምታስረዳው ነገር አልታያትም።